ለሹገር ቢት ስንት ማዳበሪያ? ክብደትና ስኳር ሲጣሉ የቱን እንምረጥ

ሁለት ማሳ ጎን ለጎን አለ እንበል። ወሩ መስከረም ነው። ቦታው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታና በሰሜን ዳኮታ መካከል የተዘረጋው የሬድ ሪቨር ሸለቆ። የአንደኛው ማሳ ቅጠል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ተንዠርግጓል። የሌላው ፈዘዝ ብሏል፤ ታች ታች ያሉት ቅጠሎች ወደ ቢጫ ሄደዋል። የጎበዝ ገበሬ ማሳ የቱ ነው?

ለእኛ ዓይን ይህ ጥያቄም አይደለም። በቆሎ ቢጫ ሲል «ዩሪያ አንሶታል» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። የስኳር ፋብሪካ ሰው ግን የፈዘዘውን ይመርጣል። መስከረም ላይ ቢጫ ማየት ለእኛ የአደይ ነገር ነው። ለሹገር ቢት ገበሬ ደግሞ ተክሉ ቅጠል ማብቀሉን ትቶ ሥሩ ውስጥ ስኳር ማጠራቀም መጀመሩን የሚነግር ምልክት ነው።

የማዳበሪያ መጠን ምርጫ በዚህ ሰብል ላይ የሚከብደው ለዚህ ነው። ስንዴ ላይ መጠኑን ስትጨምሩ ምርቱ እየጨመረ ሄዶ አንድ ቦታ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የምትከስሩት በአብዛኛው የማዳበሪያውን ዋጋ ነው። ሹገር ቢት ላይ ግን ከልክ ያለፈው ማዳበሪያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። የያዛችሁትን ስኳር ይቀንስባችኋል።

መጀመሪያ ስለ ተክሉ

ከስኳር ድንች ጋር እንዳይምታታባችሁ። ሹገር ቢት የቀይ ሥር ዘመድ ነው። የሚገርመው ግን ቀይ አይደለም፤ ነጭ ነው፣ ቅርጹም እንደ ወፍራም ካሮት ወደ ታች ይሾላል። «ነጭ ቀይ ሥር» ብንለው አያስኬድም፤ ስለዚህ ሰው እንደሚጠራው ሹገር ቢት እያልኩ እቀጥላለሁ።

በውስጡ ያለው ስኳር ከሸንኮራ አገዳ ስኳር ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን በርሊን ውስጥ ያረጋገጠው ማርግራፍ የተባለ ኬሚስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1747። ደቀ መዝሙሩ አሻርድ በ1801 ሲሌዢያ ውስጥ፣ ኩነርን በምትባል ቦታ የመጀመሪያውን ፋብሪካ አቆመ። ያኔ ሥሩ ውስጥ የነበረው ስኳር ከ6 በመቶ ብዙም አይበልጥም ነበር። ዛሬ ጥሩ ማሳ 17 ወይም 18 በመቶ ይሰጣል። ይህን ያመጣው የዘር ማሻሻል ነው፤ ማዳበሪያ አይደለም። ማዳበሪያ የሚያደርገው ዘሩ የያዘውን አቅም ማውጣት ወይም ማበላሸት ነው።

ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር አለ። ሹገር ቢት የሁለት ዓመት ተክል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቅጠልና ሥር ያበቅላል፤ በሁለተኛው አብቦ ዘር ይሰጣል። ሥሩ ስኳር የሚያከማቸው ለሁለተኛው ዓመት ስንቅ እንዲሆነው ነው። ገበሬው ስንቁ ሳይበላ በመጀመሪያው ዓመት ይነቅለዋል። እንግዲህ የማዳበሪያ ጉዳይ ሁሉ የሚዞረው እዚህ ላይ ነው፤ ተክሉ «ክረምት መጣ፣ ላጠራቅም» ይላል ወይስ «ገና ምግብ አለ፣ ልደግ» ይላል?

ናይትሮጅን ሲበዛ ምን ይሆናል

በሰሜኑ አገር በጋ፣ ማለትም በሞቃቱ ወቅት መጀመሪያ፣ ናይትሮጅን (ዩሪያ የሚሰጠው ምግብ) የግድ ነው። ቅጠሉ ቶሎ ተገናኝቶ መሬቱን መሸፈን አለበት። በሰሜኑ አገር ረጅሙ ቀን በሰኔ ነው፤ ያኔ ባዶ መሬት ላይ ያረፈ የፀሐይ ብርሃን ሁሉ የጠፋ ስኳር ነው። ናይትሮጅን ያነሰው ማሳ ረድፎቹ ዘግይተው ይገናኛሉ፤ ገበሬውም ዓመቱን ሙሉ ያንን ጉድለት መሙላት ያቅተዋል።

ችግሩ ከአጋማሽ በኋላ ነው። አፈሩ ውስጥ ገና ብዙ ናይትሮጅን ካለ ተክሉ አዳዲስ ቅጠል ማውጣቱን ይቀጥላል። አዲስ ቅጠል ደግሞ በነፃ አይበቅልም፤ ሥሩ ውስጥ ሊገባ የነበረውን ስኳር ይበላል። ሥሩም ይተልቃል፣ ግን የሚተልቀው ሴሎቹ ውሃ ይዘው ስለሚያብጡ ነው። ትልቅ ሴል፣ ብዙ ውሃ፣ ቀጠን ያለ ስኳር። ሚዛን ላይ ሲወጣ ደስ ይላል፤ ቤተ ሙከራ ሲገባ ያሳፍራል።

ሦስተኛው ጉዳት ለዓይን አይታይም፤ እኔ ግን ዋነኛው እሱ ነው እላለሁ። ተክሉ የተረፈውን ናይትሮጅን በአሚኖ አሲድ መልክ ሥሩ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ፋብሪካዎች «አሚኖ ናይትሮጅን» እያሉ ይለኩታል። ጭማቂው በኖራና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጣራ ብዙው ቆሻሻ ይወጣል፤ ይህ ግን አብሮ ያልፋል። ጭማቂውን ያጠቁረዋል፣ አሲዳማ ያደርገዋል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ስኳሩ ረግቶ ክሪስታል እንዳይሆን ይይዘዋል። የተያዘው ስኳር ከሞላሰስ፣ ማለትም ከሚተርፈው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ ጋር ይሄዳል። ሞላሰስም ይሸጣል፣ ግን በስኳር ዋጋ አይደለም።

ሦስቱ መጠኖች ሲወዳደሩ

ከታች የምጠቅሰው መጠን አፈሩ ውስጥ የነበረው ናይትሮጅንና ከከረጢት የሚጨመረው ተደምሮ ነው። ይህን ልብ በሉ፤ ኋላ እመለስበታለሁ። ቁጥሮቹን ለሬድ ሪቨር ዓይነት ከባድ ጥቁር አፈር የሚሆን ግምታዊ ድንበር አድርጋችሁ ያዟቸው።

ዝቅተኛው፣ በሄክታር ከ80 ኪሎ በታች። እዚህ የስኳሩ በመቶኛ ያምራል፤ ጭማቂውም ንጹህ ነው። ቶኑ ግን ያንሳል። ቅጠሉ ገና በሐምሌ ይገረጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚገባው የፀሐይ ብርሃን አይያዝም። በመቶኛ ብቻ አይቶ የሚኮራ ገበሬ እዚህ ይሸወዳል። ከ40 ቶን 19 በመቶ ከማግኘት ከ60 ቶን 18 በመቶ ማግኘት እንደሚሻል ለማወቅ ሒሳብ መማር አያስፈልግም።

መካከለኛው፣ ከ120 እስከ 150 ኪሎ። ቅጠሉ በጊዜ ይዘጋል፤ ናይትሮጅኑ በነሐሴ እያለቀ ይመጣል፤ ከመከር በፊት ባሉት አራትና ስድስት ሳምንታት ተክሉ ትንሽ ይራባል። ይህ ረሃብ ተፈልጎ የሚመጣ ነው። ቀኑ ሞቃት፣ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ሲሆን የተራበ ሥር ስኳር ያከማቻል።

ከፍተኛው፣ ከ200 በላይ። ቅጠሉ እስከ መከር ቀን ጥቁር አረንጓዴ ነው። ሥሩ ትልቅ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ቶኑ ጥቂት ይጨምራል፣ አንዳንድ ዓመት ምንም አይጨምርም። የስኳሩ በመቶኛ ይወርዳል፣ አሚኖ ናይትሮጅን ይወጣል።

በመካከለኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የያዝኳቸው ናቸው፤ ስሌቱ ግን በጀርመን በስፋት የሚሠራበት የብራውንሽቫይግ ቀመር ነው። ቀመሩ ወደ ሞላሰስ የሚሄደውን ስኳር እንዲህ ያሰላል። ሥሩ ውስጥ ያሉት ፖታሲየምና ሶዲየም (እነሱም ስኳር ያስይዛሉ) ተደምረው በ0.12 ይባዛሉ፤ አሚኖ ናይትሮጅን በ0.24 ይባዛል፤ በዚያ ላይ 0.48 ይደመራል። ሦስቱም የሚለኩት በ100 ግራም ሥር ውስጥ ባለ ሚሊሞል፣ በኬሚስቶች መለኪያ ነው። አሚኖ ናይትሮጅን የሁለቱን እጥፍ ክብደት እንደተሰጠው አያችሁ?

የመጀመሪያው ማሳ 60 ቶን በ18 በመቶ ሰጠ። ፖታሲየምና ሶዲየም 5፣ አሚኖ ናይትሮጅን 1። ወደ ሞላሰስ የሚሄደው 1.32 በመቶ ይሆናል። በፋብሪካው ሥራ መሀል የሚባክን 0.6 ጨምሩበት፤ 1.92። ከ18 ሲቀነስ 16.08 በመቶ ይቀራል። በ60 ቶን ሲባዛ 9.65 ቶን ነጭ ስኳር።

ሁለተኛው ብዙ ማዳበሪያ የገባበት ነው። 66 ቶን በ17 በመቶ ሰጠ። ፖታሲየምና ሶዲየም 6፣ አሚኖ ናይትሮጅን 2.5። ወደ ሞላሰስ 1.80፣ ከብክነቱ ጋር 2.40። የሚቀረው 14.6 በመቶ ነው። በ66 ሲባዛ 9.64 ቶን።

ልዩነቱ አሥር ኪሎ ያህል ነው፤ እሱም ለመጀመሪያው ማሳ። ሥሩ ውስጥ ያለውን ጠቅላላ ስኳር ብቻ ብናይ ኖሮ ሁለተኛው በ420 ኪሎ ይበልጥ ነበር፤ 11.22 ለ10.8። ፋብሪካው በር ላይ ያለው ብልጫ ፋብሪካው ውስጥ ቀለጠ። ገበሬው ደግሞ በሄክታር ስድስት ቶን ተጨማሪ ጭነት በመኪና አጓጉዟል፣ ተጨማሪ ዩሪያም ገዝቷል። ያጓጓዘው በአብዛኛው ውሃ ነው።

ለመሆኑ የሚከፈላችሁ በምንድነው?

ምርጫውን የሚወስነው አንዱ ነገር ውል ነው። ክፍያው በቶን ብቻ ከሆነ ገበሬ ማዳበሪያ ቢያበዛ አይፈረድበትም። ሥርዓቱ ራሱ «አብዛ» ይለዋል። ለዚህ ነው ብዙ ስኳር አምራች አገሮች በክብደት ብቻ መክፈልን የተዉት።

እንግሊዝ ውስጥ ውሉ የሚነሳው ከ16 በመቶ ስኳር ነው፤ ከዚያ በላይ ያመጣ ይጨመርለታል፣ ያነሰበት ይቀነስበታል። በሬድ ሪቨር ያለው አሜሪካን ክሪስታል ሹገር ደግሞ ከ1973 ጀምሮ የገበሬዎቹ የራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። እዚያ የሚከፈለው ሊወጣ በሚችለው ስኳር ልክ ነው፤ ወደ ሞላሰስ የሚሄደው ተቀንሶ ማለት ነው። ፋብሪካው የራስ ሲሆን በአሚኖ ናይትሮጅን የሚመጣው ኪሳራም የራስ ነው። ከእነዚህ ሁለት ውሎች ብመርጥ የሁለተኛውን እመርጣለሁ። ገበሬውንና ፋብሪካውን በአንድ ገመድ ያስራቸዋል።

ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ከማስላታችሁ በፊት ውሉን አንብቡ። ክፍያው በመቶኛን ብቻ የሚያይ ከሆነ መካከለኛው መጠን ይበቃችኋል። አሚኖ ናይትሮጅንንም የሚቆጥር ከሆነ ከመካከለኛው ወደ ታችኛው ጫፍ ጠጋ በሉ።

የአገሮቹን ቁጥር ስታወዳድሩ

ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ግራ የሚያጋባ ነገር ታገኛላችሁ። ጀርመን 170 ትላለች። ሚኒሶታ 130 ይላል። እንግሊዝ 120 ትላለች፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ ዜሮ። ማንን እንመን?

ሁሉንም። የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው።

የጀርመን ቁጥር በማዳበሪያ ሕጋቸው ውስጥ የተጻፈ ነው። በሄክታር 65 ቶን ሥር ለሚጠበቅበት ማሳ 170 ኪሎ ናይትሮጅን። ግን ይህ ጠቅላላ ፍላጎት ነው። ከዚህ ላይ በጸደይ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ የተለካው የአፈር ናይትሮጅን ይቀነሳል። አፈሩ 60 ኪሎ ካለው ከከረጢት የሚፈቀደው 110 ነው። የከርሰ ምድር ውሃቸው በናይትሬት በተበከለባቸው አካባቢዎች ደግሞ ከዚህም ላይ 20 በመቶ እንዲቀነስ ሕጉ ያስገድዳል።

የሬድ ሪቨሩ 130 በፓውንድና በኤከር ነው። ወደ እኛ ልኬት ሲመለስ 146 ኪሎ በሄክታር ይሆናል። እሱም ጠቅላላ ነው፤ አፈሩ እስከ አራት ጫማ፣ ማለትም እስከ 1.2 ሜትር ተለክቶ ይቀነስበታል። አፈሩ 45 ኪሎ ካለው የሚገዛው 100 ኪሎ ያህል ነው።

እንግሊዞቹ ግን የሚጽፉት ከከረጢት የሚወጣውን ብቻ ነው። አፈሩን ባለው ናይትሮጅን ደረጃ ይሰጡታል። ደረጃ 0 እና 1 ለሆነ ደሃ አፈር 120 ኪሎ፣ ለ2 መቶ፣ ለ3 ሰማንያ፣ ከ4 ጀምሮ ምንም።

አሁን መልሳችሁ እዩት። 110፣ 100፣ ከ120 እስከ 80። ሦስት አገር፣ ሦስት ዓይነት አቆጣጠር፣ መጨረሻው ግን አንድ ሰፈር ነው። መቶ ኪሎ ናይትሮጅን በዩሪያ ሲሰላ 217 ኪሎ ነው፤ የ50 ኪሎው ከረጢት አራት ከትንሽ። አንድ ሰው ጀርመን ያየውን 170 እንዳለ ከከረጢት ቢበትነው ግን ወደ 230 ይወጣል፤ ያ ከላይ ያየነው ከፍተኛው መጠን ነው።

ግብፅንም ለማየት የሚፈልግ ይኖራል፤ ለእኛ ቅርቧ አምራች እሷ ናት። እዚያ ሹገር ቢት የክረምት፣ ማለትም የቀዝቃዛው ወቅት ሰብል ነው። በመኸር ይዘራል፣ በጸደይ ይነቀላል፣ በመስኖ ይጠጣል። በሰሜን ዴልታ ጨዋማ መሬት ላይ ሳይቀር ይበቅላል። ቁጥራቸው በፈዳን ነው፤ አንድ ፈዳን 0.42 ሄክታር ነው። ይህን ሳታዩ የሚኒሶታን ቁጥር ካይሮ፣ የካይሮን ሚኒሶታ ብትወስዱ ጉድ ነው።

አፈር ውስጥ ያለውን ካልቆጠራችሁ

እኔ የማዳበሪያ መጠን ምርጫ ግማሹ የሚያልቀው በአፈር ምርመራ ነው ባይ ነኝ። ሌሎች ሰብሎች ላይ 30 ሳንቲ ሜትር መቆፈር ይበቃ ይሆናል። የሹገር ቢት ሥር ግን ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይወርዳል። ከታች የተቀመጠውን ናይትሮጅን የሚያገኘው መቼ ነው? ዘግይቶ፤ በነሐሴና በመስከረም። ማለትም ልናስርበው በፈለግንበት ሰዓት። በጥልቀት ተቆፍሮ ያልተመረመረ ማሳ ላይ ገበሬው ልክ አድርጎ በትኖ ሲያበቃ ስኳሩ የሚወርድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፍግም እንዲሁ ነው። ፍግ ለአፈር ጥሩ እንደሆነ የሚከራከር የለም። ግን ናይትሮጅኑን የሚለቀው ቀስ እያለ፣ አፈሩ ሲሞቅ ነው። ስለዚህ ብዙ የሚለቀው በማይፈለግበት ጊዜ ይሆናል። ከዩሪያና ከፍግ ምረጥ ብባል ለሹገር ቢቱ ዩሪያውን፣ ፍጉን ደግሞ ከእሱ በፊት ለሚዘራው በቆሎ ወይም ስንዴ አደርጋለሁ። በቆሎው ይጠጣዋል፤ ለሹገር ቢቱ የሚተርፈው አፈሩን ማለስለሱ ነው። አልፋልፋ (የከብት መኖ ተክል) የነበረበት መሬት ላይም ወዲያው ሹገር ቢት መዝራት አይመከርም፤ የበሰበሰው ሥር ሳያስቡት ከፍተኛው መጠን ውስጥ ይከታል።

መቼ ይበተን?

ይህ አጭር ነው። በጊዜ። እንግሊዝ ውስጥ ከዘር በኋላ 30 ወይም 40 ኪሎ ይሰጣል፤ ቀሪው ቡቃያው ከወጣ ብዙም ሳይቆይ። በሬድ ሪቨር አብዛኛው ከመዝራት በፊት ተበትኖ ከአፈር ጋር ይቀላቀላል። ዩሪያ በሞቃት ቀን መሬት ላይ ተበትኖ ከተተወ በአሞኒያ መልክ ወደ አየር ይሄዳል፤ ስለዚህ መሸፈን አለበት። ዘሩ አጠገብ ደግሞ አታስጠጉት። የሹገር ቢት ቡቃያ በማዳበሪያ ቶሎ ይቃጠላል።

አሸዋማ መሬት ላይ የጸደይ ዝናብ ናይትሮጅኑን አጥቦት ከሆነ እስከ ሰኔ ድረስ ጥቂት መጨመር ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ማዳበሪያ ለቅጠል ነው፤ ቅጠል ደግሞ የሚገዛ የለም።

አንድ ፈተና አለ። በረዶ ወይም ትል ቡቃያውን አጥፍቶት ማሳው ሲሳሳ ገበሬ «የቀረውን በማዳበሪያ ላወፍረው» ይላል። ሄክታር ላይ 100 ሺህ ተክል ካለ 60 ቶን ማለት አንዱ ሥር 600 ግራም ማለት ነው። ተክሉ 50 ሺህ ሲሆን የቀሩት ሥሮች ሰፊ ቦታ ስለሚያገኙ ያለ ማዳበሪያም ይተልቃሉ፤ ትልቅ ሥር ደግሞ ስኳሩ ቀጭን፣ አሚኖ ናይትሮጅኑ ብዙ ነው። ክፍተት ያለበት ማሳ ማዳበሪያ ይቀነስለታል እንጂ አይጨመርለትም።

ፎስፈረስ፣ ፖታሽ፣ ጨው፣ ቦሮን

ፎስፈረስ ስኳሩን አያበላሽም፤ ሲያንስ ግን ቡቃያው ይቀጭጫል። ምርጫው በመበተንና ዘሩ አጠገብ በማድረግ መካከል ነው። በሬድ ሪቨር 10-34-0 የተባለውን ፈሳሽ ማዳበሪያ በኤከር 3 ጋሎን፣ በሄክታር 28 ሊትር ገደማ፣ ከዘሩ ጋር በረድፉ ውስጥ ያንጠባጥቡታል። ከዚህ ጥቂት የሚገኘው ፎስፈረስ ሦስት አራት እጥፍ ተበትኖ ከሚገኘው አያንስም። ከበዛ ግን ቡቃያውን ያቃጥላል፤ ሦስቱን ጋሎን አትለፉ።

ፖታሽ (የፖታሲየም ማዳበሪያ) ላይ ከባድ ጥቁር አፈር ያለው ሰው ብዙ አይጨነቅ፤ አፈሩ ራሱ አለው። ሲበዛ ያው ቀመሩ ውስጥ ገብቶ ስኳር ያስይዛል። ቀለል ያለ አሸዋማ መሬት ላይ ያለ ሰው ግን ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ የእንግሊዝ ገበሬዎች አንድ ጥበብ አላቸው፤ ጨው ይበትናሉ። አሞሌ ማሳ ላይ እንደመፍጨት ይመስላል፣ እውነት ግን ነው። የሹገር ቢት ቅድመ አያት ባሕር ዳርቻ የሚበቅል ዱር ቀይ ሥር ነው። ሶዲየም ይወዳል፤ የፖታሽን ሥራም በከፊል ይሠራለታል። ከፖታሽ የሚረክስ ስለሆነ በአሸዋማ መሬት ላይ ጨውን ከፖታሽ ጋር ማቀላቀል ጥሩ ምርጫ ነው። ሸክላማ መሬት ላይ ግን ሲበዛ አፈሩን ሊያጣብቀው ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ቦሮን በሄክታር አንድ ሁለት ኪሎ ብቻ ነው። ካጣው ግን የተክሉ ልብ ይጠቁርና ይበሰብሳል። ኖራ የበዛበትና ደረቅ መሬት ላይ ይብሳል።

አሲዳማ አፈር ላይ ደግሞ ከላይ ያወራሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ሹገር ቢት ፒኤች 6.5 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የጎጃምን ወይም የወለጋን ቀይ ደጋ መሬት እያሰበ «እኛስ ለምን አንሞክረውም» የሚል ሰው ካለ መጀመሪያ የሚገዛው ዩሪያ ሳይሆን ኖራ ነው። ስኳር ፋብሪካዎች ራሳቸው ጭማቂ ያጣሩበትን ኖራ መልሰው ለገበሬ ይሰጣሉ። በሬድ ሪቨር ይህ ኖራ ሥር የሚያበሰብስ በሽታን ለመቀነስም ይጠቅማል።

እኛማ በ1946 ዓ.ም. ወንጂ ሥራ ከጀመረ ወዲህ የምናውቀው ሸንኮራ ነው። ነገሩ ግን የተለየ አይደለም። አገዳውም ከመቆረጡ በፊት መስኖ ይቆምለታል፤ እንዲጠማና ስኳሩን እንዲሰበስብ። አንዱን በጥማት፣ ሌላውን በረሃብ።

ታዲያ የቱን ልምረጥ?

አፈራችሁን በጥልቀት አስመርምራችሁ ከሆነና ክፍያችሁ ስኳርን የሚቆጥር ከሆነ ጠቅላላውን 130 እና 150 ኪሎ መካከል አድርጉት፤ ከአፈሩ ቀንሱና ቀሪውን ግዙ። ምርመራ ካላደረጋችሁ፣ ግን መሬቱ ፍግ ወይም አልፋልፋ ያየ ከሆነ፣ ከ60 ኪሎ በላይ ከከረጢት አትጨምሩ። ደሃ አሸዋማ መሬት ከሆነ 120 ኪሎ በሁለት ጊዜ። ክፍያው በቶን ብቻ ቢሆን እንኳ 200ን አልፋችሁ የምታገኙት ጥቅም እጅግ ትንሽ ነው፤ የማዳበሪያው ዋጋ ራሱ ይበላዋል።

ምርጫችሁ ልክ እንደነበር ለማወቅ ደግሞ የቅጠሉን ዘንግ ማስመርመር ይቻላል። በደረቁ ሲለካ በናይትሬት መልክ ያለው ናይትሮጅን ከሚሊዮን ክፍል ውስጥ ከ1,000 በታች ከወረደ ተክሉ ተርቧል ማለት ነው። ይህ በሰኔ ከታየ መጥፎ ዜና ነው። ከመከር በፊት አራት አምስት ሳምንት ሲቀር ከታየ ደስ ይበላችሁ።

ቤተ ሙከራ የሌለው ደግሞ የመከር ቀን ቅጠሉን ይይ። በሬድ ሪቨር ሥሩ ከተነቀለ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረው ቅጠል ለሚቀጥለው ዓመት ሰብል በናይትሮጅን ይታሰባል። ቢጫ ከሆነ ዜሮ። ቢጫና አረንጓዴ ከሆነ በኤከር 30 ፓውንድ። ጥቁር አረንጓዴ ከሆነ 80 ፓውንድ፣ ማለትም በሄክታር 90 ኪሎ ገደማ። ይህ አራት ከረጢት ዩሪያ ነው ማለት ይቻላል። ለሹገር ቢቱ ተብሎ ተገዝቶ ስንዴው ሲበላው የሚገኝ።